በጳጉሜን ዋጋው የሚወርድ ደሴት

ከደሴ፣ ከሸዋ በር የተላከው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ወንድሜ የሚኖረው በአሜሪካ ነው። ሰርጉን መስከረም 3 ቀን ሴንት ማርቲን በምትባል የካሪቢያን ደሴት፣ ባሕር ዳር ባለ ሆቴል ሊያደርግ ቀን ቆርጧል። እናታችን አሁን እርሱ ዘንድ ስላለች ይዟት ይሄዳል። ሆቴሉ በዚያ ሰሞን ዋጋውን በግማሽ ቀንሶላቸዋል። እኔ ግን በቴሌቪዥን ያየሁት የአውሎ ነፋስ ጉዳት ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ወንድሜ ‹ሆቴሉ ኮንክሪት ነው፣ አትጨነቂ› ይለኛል። አውሎ ነፋስ ቢመጣ እንግዶቹ ምን ይሆናሉ? ሰርጉ ይቅር ልበለው? ደግሞ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ‹የዚያ አውሎ ነፋስ ዘሩ የሚነሣው ከእኛው ሰማይ ነው› ሲሉ ሰምቻለሁ፤ እውነት ነው?»

እኅቴ፣ አብሽሩ። ሰርጉ አይቅር፤ ቀኑ ግን ወደ ጥር ይለወጥ። በኮምቦልቻ በአየር ጠባይ ሥራ ላይ ሃያ ሰባት ዓመት ቆይቻለሁ፤ ከዚህ ያጠረ መልስ የለኝም። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል። እናት ያለችበት ጉዳይ ስለሆነም በጥድፊያ አላልፈውም።

ዋጋው የወረደበት ምክንያት አለው። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ይዘልቃል። አደጋው ግን በስድስቱ ወራት ላይ እኩል አልተከፋፈለም። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ሽቅብ ይወጣል፤ ጫፉ ላይ የሚደርሰው ጳጉሜን 5 ቀን፣ ልክ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው፤ ከዚያም እስከ ጥቅምት ድረስ ቀስ እያለ ይወርዳል። የሴንት ማርቲን ሰዎች የማይረሷቸውን ሁለት ቀኖች ልንገርዎት። ሉዊስ የተባለው አውሎ ነፋስ የመታቸው ነሐሴ 30 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። ኢርማ የተባለው ደግሞ ጳጉሜን 1 ቀን 2009 ዓ.ም.። በመካከላቸው ሃያ ሁለት ዓመት አለ፤ በቀን መቁጠሪያው ላይ ግን የሚለያዩት በአንድ ቀን ብቻ ነው። የወንድምዎ መስከረም 3 ከሁለቱም ከሳምንት እምብዛም አይርቅም።

አንድ ነገር ልደብቅዎት አልፈልግም። በአንድ የተወሰነ ሳምንት ውስጥ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ስፋቷ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የማይሞላን ደሴት በቀጥታ የመምታቱ ዕድል ትንሽ ነው። ብዙ ሰርጎች በመስከረም ተደግሰው በሰላም ተፈጽመዋል። ነገር ግን ሰርግን ለማበላሸት አውሎ ነፋሱ የግድ በደሴቷ ላይ ማለፍ አያስፈልገውም። 200 ኪሎ ሜትር ርቆ ቢያልፍም አየር ማረፊያው ይዘጋል፣ በረራ ይሰረዛል፣ ግማሹ ታዳሚ ሳይደርስ ይቀራል፣ የደረሰውም መመለሻ ያጣል። ይህ ሁለተኛው ዕድል ከመጀመሪያው እጅግ ይሰፋል።

አሁን ወደ መምህሩ ንግግር ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ልቤን የነካው እርሱ ነው። መምህሩ እውነት ተናግረዋል።

በሐምሌና በነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ከኮምቦልቻ ሆነው ወደ ሐረጎ ቀና ሲሉ ደመናው በተራራው አናት ላይ እየተከመረ ሲጠቁር ያያሉ። ከዚያ ነጎድጓዱ ይመጣል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ቦርከና ይሞላል፤ ለእኛ ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ ይመስለናል። ከላይ ግን ሌላ ሥራ እየተሠራ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ አፍሪካን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጥ ፈጣን የነፋስ ወንዝ አለ። የሚፈጥረው በጋለው ሰሃራና በቀዝቃዛው የጊኒ ባሕረ ሰላጤ መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ነው። በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎችና በሱዳን የዳርፉር ተራሮች ላይ የሚነሣው ነጎድጓዳማ ደመና ይህን ነፋስ ሲገፋው፣ የተወጠረ ገመድ አንድ ጫፉ ሲመታ እንደሚርገበገብ ሁሉ፣ ነፋሱም ይታጠፋል። እጥፋቱ በያዘው መንገድ ወደ ምዕራብ ይጓዛል፤ ሱዳንን፣ ቻድን፣ ኒጀርን፣ ማሊን አልፎ በሴኔጋል ዳርቻ ወደ አትላንቲክ ይወጣል። የአህጉሩ ጉዞ ብቻ ከሳምንት በላይ ይፈጃል።

እንዲህ ያሉ እጥፋቶች በዓመት 60 ያህል ናቸው። አብዛኞቹ ባሕር ላይ ሲደርሱ ይጠፋሉ። የባሕሩ ውሃ ከ26 ዲግሪ በላይ ሲሞቅና ከላይ ያለው ነፋስ ሳይበታትናቸው ሲቀር ግን ጥቂቶቹ መሽከርከር ይጀምራሉ። ከአትላንቲክ ኃይለኛ አውሎ ነፋሶች ውስጥ ከመቶ 85 ያህሉ መነሻቸው እንዲህ ያለ እጥፋት ነው። ኢርማም ከእነዚህ አንዱ ነበር። ነሐሴ 21 ቀን 2009 ዓ.ም. እጥፋቱ ከአፍሪካ ዳርቻ ወጣ፤ ነሐሴ 24 ከኬፕ ቨርድ ደሴቶች በስተምዕራብ ስም ወጣለት፤ ከሳምንት በኋላ ሴንት ማርቲን ላይ ነበር። ያ እጥፋት የወሎን ሰማይ ነክቶ ነበር ብዬ አልምልም፤ እጥፋቶቹ በመንገድ ይደክማሉ፣ ሌላ ደመና ደግሞ መልሶ ያነሣቸዋል። ነገር ግን የእነርሱ ክፉ ወቅት ከእኛ ክረምት ማብቂያ ጋር መግጠሙ በከንቱ አይደለም። እኔ በነሐሴ የሳተላይት ምስል በከፈትሁ ቁጥር ከእኛ ተራሮች ላይ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄደውን ደመና በዓይኔ ሳልሸኝ ሥራዬን አልጀምርም።

ወደ ኮንክሪቱ ልመለስ። ወንድምዎ የተናገሩት ሐሰት አይደለም፤ ሕንጻው ላይፈርስ ይችላል። በኢርማም ብዙ ሆቴሎች ግድግዳቸው ቆሞ ተገኝቷል። ጣሪያቸው፣ መስኮታቸው፣ በራቸው፣ የውስጥ ዕቃቸው ግን አልነበረም። የነፋስ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የአውሎ ነፋስ አንደኛ ደረጃ በሰዓት ከ119 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፤ አምስተኛው ከ252። ኢርማ 285 ኪሎ ሜትር ያህል ይነፍስ ነበርና ጉልበቱ የአንደኛ ደረጃውን መነሻ ስድስት እጥፍ ያህላል። ሆቴሉ የሚሸጠው የባሕሩን እይታ ስለሆነ ወደ ባሕር የሚያየው ወገኑ ሰፊ መስታወት ነው። አንዱ መስታወት በሚወነጨፍ ቆርቆሮ ሲሰበር ነፋሱ ወደ ክፍሉ ይገባና ጣሪያውን ከታች ይገፋዋል፤ ከላይ የሚያልፈው ነፋስ ደግሞ ይስበዋል። ጣሪያው እንደ ድስት ክዳን ይነሣል።

እኔን ግን ከነፋሱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ውሃው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 2012 ባለው የአሜሪካ መዝገብ አውሎ ነፋስ በቀጥታ ከገደላቸው ሰዎች ከአሥሩ ዘጠኙ የሞቱት በውሃ ነው። ውሃው በሦስት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ነፋሱ ባሕሩን እየገፋ ወደ የብስ የሚያወጣው ሙላት ነው። ዶሪያን የተባለው አውሎ ነፋስ ነሐሴ 26 ቀን 2011 ዓ.ም. በባሃማስ የአባኮ ደሴቶችን ሲመታ ባሕሩ ከ6 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ነበር፤ ሁለት ፎቅ ማለት ነው። ባሃማስ በዙሪያዋ ያለው ባሕር ጥልቀት የሌለው ስለሆነ ሙላቱ ይቆለላል። ዙሪያቸው ቶሎ የሚጠልቅ ባሕር በሆነ ደሴቶች ግን ሙላቱ ያንሳል፤ በምትኩ ሞገዱ ሳይደክም ዳርቻው ላይ ይደርሳል። ሁለተኛው መንገድ ይኸው ሞገድ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ አንድ ሺህ ኪሎ ይመዝናል፤ ያ ክብደት በየጥቂት ሰኮንዱ ተመልሶ ሲመታ ምድር ቤት ያለ ክፍል ምን እንደሚሆን ለግንበኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ድሮ ይህን የሚያበርዱ የኮራል አለቶችና በባሕር ዳር ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅሉ የማንግሮቭ ዛፎች ነበሩ። በብዙ የካሪቢያን ደሴቶች ማንግሮቩ የተመነጠረው ለሆቴልና ለመዝናኛ ዳርቻ ቦታ ለማስለቀቅ ነው፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ሦስተኛው ዝናቡ ነው። ዊልማ የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 በሜክሲኮ ኢስላ ሙሄሬስ ደሴት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ1,600 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ አወረደ። ኮምቦልቻ በዓመት የምታገኘው ከ1,000 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። የዓመት ተኩል ዝናባችን በአንድ ቀንና ሌሊት ወረደ ማለት ነው። ተራራማ ደሴት ላይ ሲሆን ይህ ናዳ ይሆናል፤ መስከረም 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ዶሚኒካ የተባለችውን ደሴት የመታቻት እንዲያ ነበር። በጦሳ ግርጌ ያደጉ ሰው ስለሆኑ ናዳ ምን እንደሆነ አልነግርዎትም።

«እንግዶቹ ምን ይሆናሉ?» ላሉት መልሱ በአብዛኛው የሚገኘው ነፋሱ ካለፈ በኋላ ነው። ሆቴሎች በዐውሎው ሰዓት እንግዶቻቸውን መስኮት በሌለው አዳራሽ ወይም ኮሪደር ሰብስበው ብዙውን ጊዜ በሕይወት ያተርፏቸዋል። ችግሩ በማግስቱ ይጀምራል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው የሐረጎ መንገድ ናዳ ቢዘጋው ሌላ አቅጣጫ ይፈለጋል፤ ቢብስ በእግር ይወረዳል። ደሴት ላይ በእግር የሚወረድበት የለም። በሴንት ማርቲን ትልቁ አየር ማረፊያ በኢርማ ክፉኛ ተጎዳ፤ የመንገደኞች ሕንጻው ሙሉ በሙሉ ታድሶ እስኪያልቅ ሰባት ዓመት ያህል ፈጅቷል። የመጠጥ ውሃው ከባሕር ተጣርቶ የሚገኝ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ውሃውም ይጠፋል። ሱቆች ተዘረፉ፤ ደሴቷን የሚጋሯት ፈረንሳይና ኔዘርላንድስ ወታደር ላኩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሆሴ የተባለ ሌላ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ እየመጣ ነው ተባለና ጣሪያ የሌለው ሕዝብ እንደገና መጠለያ ፍለጋ ገባ። ሆሴ በስተሰሜን አልፏል። ያን ሌሊት ያሳለፉት ግን ማለፉን የሚያውቁት ሲነጋ ነበር።

እዚህ ላይ ወንድምዎ ያላሰቡት የሚመስለኝ ጉዳይ አለ፤ ከሁሉ በላይ ይህን እንዲያነቡላቸው እለምናለሁ። በዚያ ቀን ሰውን የሚያወጡ አውሮፕላኖች የሚላኩት በመንግሥታት ነው፤ መንግሥትም ቅድሚያ የሚሰጠው ለዜጎቹ ነው። በኢርማ ጊዜ ወደ ሴንት ማርቲን የመጡት የአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላኖች ቅድሚያ የሰጡት ለአሜሪካውያን ነበር። ወንድምዎ የአሜሪካ ፓስፖርት ይዘው ይሆናል። እናትዎ የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። በሰልፉ ላይ ልጅና እናት በፓስፖርት ቢለያዩ ምን ሊያደርጉ ነው? አውሮፕላኑ የሚያርፈውም ቪዛ በሌላቸው ሦስተኛ አገር ሊሆን ይችላል። እናትዎ ወደ አሜሪካ የገቡበት ቪዛ ደግሞ መልሶ የሚያስገባ መሆኑ፣ ጊዜውም ቢዘገዩ የሚበቃ መሆኑ ትኬት ከመቆረጡ በፊት መረጋገጥ አለበት። ይህ በጥርም ቢሄዱ ያስፈልጋል፤ በጳጉሜን ግን የሞት የሽረት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ፤ እርስዎ ባይጠይቁኝም ሳልናገር ማለፍ አልቻልሁም። እንግዳ በአራተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን ይወጣል። አልጋውን ያነጠፈችለት፣ ምግቡን ያቀረበለት ግን እዚያው ይቀራል። በዶሪያን ጊዜ በአባኮ፣ በማርሽ ሃርበር ከተማ «ዘ መድ» የሚባል የሄይቲ ስደተኞች ሰፈር ነበር፤ የመዝናኛ ቤቶቹን የሚገነቡትና የሚያጸዱት ብዙዎቹ እዚያ በእንጨትና በቆርቆሮ ቤት ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ ከምድር ገጽ ጠፋ። በባሃማስ በይፋ የተቆጠሩት ሟቾች 74 ናቸው፤ ደብዛቸው የጠፋው ብዙ ነው፣ ወረቀት የሌለውን ሰው ማን ይቆጥረዋል? ባርቡዳ ደግሞ በኢርማ ከተመታች በኋላ 1,800 የሚሆኑት ነዋሪዎቿ በሙሉ ወደ አንቲጓ ተወስደው ደሴቷ ያለ ሰው ቀረች። ከወሎ ስንቱ ልጅ በሰው አገር የሰው ቤት ያጸዳል! ስለዚህ የዚያ አገር ዜና ሲመጣ የምፈልገው የተሰበረውን የመዋኛ ገንዳ አይደለም፤ የሠራተኞቹን ሰፈር ነው። ወንድምዎ ሰርጋቸውን በጥር ሲያደርጉ፣ ደሴቷ ሥራ በሚሞላባት ወቅት፣ ለእነዚህም ሰዎች ደህና ደመወዝ የሚገኝበት ጊዜ ነው።

ጥር ያልሁት ያለ ነገር አይደለም። በካሪቢያን ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ደረቁ ወቅት ነው፤ ከአውሎ ነፋስ ስጋት ነጻ ነው ማለት ይቻላል። ለእኛም ጥር የሰርግ ወር ነው፤ እናትዎም ቢሆኑ በጥር መዳር ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም። ዋጋው ይጨምራል፤ ይህ እውነት ነው። ጥቅምት ይሁን ቢሉ ግን አልስማማም። ጃማይካን፣ ጃንሆይ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. የጎበኟትን አገር፣ ሜሊሳ የተባለው አምስተኛ ደረጃ አውሎ ነፋስ የመታት ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ቀኑ በምንም የማይነቃነቅ ከሆነ ደሴቷን ይለውጡ፦ አሩባ፣ ቦኔርና ኩራሳዎ በቬኔዝዌላ ዳርቻ አጠገብ፣ ከአውሎ ነፋሱ ዋና መንገድ በስተደቡብ ስለሆኑ ስጋቱ በጣም ያንሳል፤ ጨርሶ የለም ግን አልልም።

ይህ ሁሉ ተነግሯቸው «ቀኑ ቀን ነው» ካሉ፣ የጉዞ ኢንሹራንሱን ዛሬ ይግዙ። አውሎ ነፋስ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ ለዚያ አውሎ ነፋስ አይከፍልም። ክፍል ሲይዙ ምድር ቤትም የላይኛው ፎቅም አይሁን፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ፎቅ ይምረጡ። የእናትዎ መድኃኒት ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ትርፍ ይኑረው፣ በእጅ ቦርሳም ይያዝ። መብራት ሲጠፋ የባንክ ካርድ አይሠራምና ጥሬ ገንዘብ ይያዙ። በማያሚ ያለው የአሜሪካ የአውሎ ነፋስ ማዕከል በየስድስት ሰዓቱ መግለጫ ያወጣል፤ የመጀመሪያው የመጠንቀቂያ ማሳሰቢያ የሚወጣው ኃይለኛው ነፋስ ሊደርስ 48 ሰዓት ገደማ ሲቀረው፣ ማስጠንቀቂያው ደግሞ 36 ሰዓት ሲቀረው ነው። የሚወጣው ሰው በማሳሰቢያው ይውጣ፤ ማስጠንቀቂያው እስኪመጣ የጠበቀ ሰው አውሮፕላን አያገኝም፤ አየር መንገዶች አውሮፕላናቸውን ቀድመው ያሸሻሉና። ማሪያ በአንድ ቀን ውስጥ ከአንደኛ ደረጃ ወደ አምስተኛ መውጣቷን ያስታውሱ፤ «ገና ደካማ ነው» የሚባል ነገር አያዘናጋቸው። እዚያው ከተያዙ መስኮት በሌለው መታጠቢያ ክፍል ይቀመጡ፣ የመታጠቢያ ገንዳውን አስቀድመው ውሃ ይሙሉት። ነፋሱ ድንገት ጸጥ ካለና ሰማዩ ከጠራ እናትዎ ከክፍሉ እንዳይወጡ፤ የአውሎ ነፋሱ ዓይን እየተሻገረ ነው እንጂ አላለፈም፤ ከደቂቃዎች በኋላ ነፋሱ ከተቃራኒው አቅጣጫ በአንዴ ይመጣል። ከዚያም በኋላ በጎርፍ ውሃ ውስጥ አይሂዱ፤ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ በውስጡ አይታይም።

ከጉዞው አሥር ቀን በፊት፣ በነሐሴ 20ዎቹ፣ ይጻፉልኝ። ማዕከሉ ለሰባት ቀን የሚያወጣውን ካርታ ከአፍሪካ ዳርቻ ጀምሬ አይቼ፣ ከሴኔጋል የወጣ እጥፋት ካለ የት እንደደረሰ በየቀኑ እነግርዎታለሁ።